ለክንፋሟ የተሸመነ ጋቢ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ሮሐ ሥራዋን የምትጀምረው በረዶ በማቅለጥ ነበር።

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ በሽቦ የታጠረ ጠባብ ግቢ አለ። መካከሉ ላይ ፈሳሽ ኦክስጅን የያዘ ነጭ ረጅም ታንከር ቆሟል። ከታንከሩ አጠገብ ሠራተኛው ሁሉ "ክንፋሟ" እያለ የሚጠራት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ስብስብ አለች። ቁመቷ ከሰው ትንሽ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ቱቦዋ ዙሪያውን ቀጫጭን የብረት ክንፎች አሉት። ፈሳሹ ከታንከሩ ወጥቶ በቱቦዎቿ ውስጥ ሲያልፍ ይፈላል፤ ፈልቶም አየር ይሆንና በግድግዳው ላይ በተዘረጋው የመዳብ ቱቦ አድርጎ ወደ ሕሙማኑ ራስጌ ይሄዳል። የሚያፈላው እሳት የለም፤ ኤሌክትሪክም የለም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች መቶ ሰማንያ ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ሰው ደርቦ ለብሶ የሚንቀጠቀጥበት የጉለሌ ጭጋግ ለዚያ ፈሳሽ ፍም ነው። ክንፋሟ ከጭጋጉ ሙቀት ለቅማ ታቀብለዋለች።

ችግሩ ክረምት ላይ ጭጋጉ ራሱ ክንፎቿ ላይ እየረጋ በረዶ መሥራቱ ነው። በረዶው ሲወፍር አየሩ ብረቷን መንካት ያቅተዋል፤ የፈሳሹ መፍላት ይዘገያል፤ ዎርድ ድረስ የሚሄደው ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ሲባል ክንፋሞች ሁለት ሆነው ነው የሚተከሉት፤ አንዷ ስትሠራ ሌላዋ በረዶዋን እያራገፈች ታርፋለች። እዚህ ግን የሁለተኛዋ ቫልቭ ከተሰበረ ሰንብቷል። ስለዚህ ሮሐ ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማዋን አድርጋ፣ ጎማውን ከቧንቧው ገጥማ፣ በምትሠራዋ ላይ ውሃ ታፈስባታለች።

"ኢንጂነር፣ ዛሬም ሙሽራዋን ልታጥቢ ነው?" ይላታል የግቢው ጠባቂ ጀላል፣ ከቆርቆሮ መጠለያው ሥር ሆኖ። "ሙሽራ እንኳ እንዲህ በየቀኑ አትታጠብም።"

ሮሐ ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስለትም። መልስ የምታገኘው ብዙ ጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው በዚሁ ነገር ላይ ነበር፤ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሞቃት ብረት ሲያገኘው እንዴት እንደሚፈላ። ከዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር ከልቧ አልወጣም። ብረቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅበት ፈሳሹ አይነካውም፤ መካከላቸው ስስ የእንፋሎት ሽፋን ይሠራና በዚያ ላይ ይንሳፈፋል። የውሃ ጠብታም በጋለ ካውያ ላይ እንዲህ ትሆናለች፤ ትንከባለላለች እንጂ ቶሎ አትጠፋም። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሮሐ ብዙ ጊዜ ያቺን ጠብታ ታስባታለች።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ኤርሚያስ ስለ ቫልቩ በሰኞ ስብሰባ ላይ ራሷ እንድትናገር ዕድል ሰጥቷት ነበር። ወረፋዋ ሲደርስ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየች፣ "ቫልቩ ቢመጣ ጥሩ ነው" ብላ ተቀመጠች። አንዷ ክንፋም ብቻዋን ክረምቱን እንደማትዘልቀው፣ በረዶው ሲያሸንፋት መጠባበቂያው ሲሊንደር ለሁሉም አልጋ እንደማይዳረስ፣ ይህን ሁሉ ልትናገር አስባ ነበር የመጣችው።

"ሮሒ፣ ድምፅሽን ቤት ቆልፈሽበት ነው እንዴ የምትመጪው?" አለ ኤርሚያስ። ሰዉ ሳቀ፤ ወደ ሌላ ጉዳይ ታለፈ።

ጋሽ መዝገቡን ያወቀቻቸው በዚያ ሳምንት ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው እዚያው ያረጁ። ባለቤታቸው እማማ ውባለም ሳንባቸውን ታመው የሴቶች ዎርድ ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። የመጠየቂያ ሰዓት ሲያልቅ ሌላው ጠያቂ ወደ ታክሲ ሲሮጥ፣ ጋሽ መዝገቡ ግን ወደ ኋላ ዞረው ከሽቦው አጥር ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት ሮሐ ውሃ ስታፈስ ተነሥተው ወደ አጥሩ ተጠጉ።

"እንደምን አደርሽ ልጄ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ።"

"ይቺ ናት እንግዲህ ውባለምን የምታስተነፍሳት?"

"አዎ።"

"ከራስጌዋ ተነሥቼ ቱቦውን ብከተለው ብከተለው እዚህ አደረሰኝ። እንደ ድር ነው፤ ጫፉን ከያዝሽው መነሻውን አታጪውም።" ክንፋሟን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ "ምን ሆና ነው እንዲህ በረዶ የለበሰችው?" አሉ።

"በርዷት ነው። በረዶው ሲበዛባት ኦክስጅኑ ይቀንሳል።"

"ይቀንሳል?" የሽቦውን አጥር ያዙት። "ታዲያ በብርድ ላይ ብርድ፣ ውሃ ማፍሰሱ ምንድነው?"

ሮሐ ጎማውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ለክንፋሟ የቧንቧ ውሃ ሙቅ እንደሆነ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። ግን ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። እንዲህ የሽማግሌ ዓይን ሲያርፍባት ቃላቷ ሁሉ የመጽሐፍ ይሆኑባታል።

"እንደዚያ ነው አሠራሩ" አለች።

ጋሽ መዝገቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ንግግሩ ማለቁ እንደሆነ የሚያውቁ ይመስላሉ። ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው በግድግዳው ቱቦ የሚሄደውን የኦክስጅን ሹሹታ ማዳመጥ ጀመሩ።

ቅዳሜ ዕለት ቫልቩ መጣ ተባለ፤ መርካቶ ካለ መጋዘን ሄዳ እንድትረከብ ኤርሚያስ በስልክ አዘዛት። ከመውጣቷ በፊት በረዶውን አጥባ ጨረሰችና ለጀላል አደራ አለችው።

"በረዶው ሲወፍር ውሃ አፍስስባት። የቧንቧው ውሃ ከሄደ በርሜሉ ሙሉ ነው።"

"ሂጂ ባክሽ፣ ሙሽራዋን እኔ እድራታለሁ።"

ቫልቩን በፌስታል ይዛ ስትመለስ ታክሲው አዲሱ ገበያ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ከእንጦጦ የወረደው ደመና ቀኑን አጨልሞት ነበር፤ ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የታክሲውን ጣሪያ ይደበድብ ጀመር። ስልኳ ጮኸ፤ ጀላል ነው።

"ውሃ ሄዷል። በርሜሉንም ልብስ አጣቢዎቹ ጨርሰውታል። ምን ላድርግ?"

ከጎኗ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይሰሟታል። "ምንም አትንካ፣ እየደረስኩ ነው" አለችና ዘጋች።

መንገዱ ግን አልተከፈተም። ወርዳ በእግሯ ዳገቱን ተያያዘችው። ጎርፉ ከላይ እየወረደ ቁርጭምጭሚቷን ይመታ ነበር፤ ፌስታሉን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች። የሆስፒታሉ በር ስትደርስ በረዶው ቆሞ ዝናቡ ብቻ ቀርቷል። በጀርባ በኩል ዞረች፤ ከግቢው በር ላይም ደርሳ ቆመች።

ክንፋሟ ጋቢ ለብሳለች።

ድርብ አዲስ ጋቢ ነበር። ሁለት ዙር ተጠምጥሞባት፣ አንገቷ ላይ ተጠብቆ ታስሯል፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ጫፉ ንፋስ እንዳያስገባ ከሥር ተወትፏል። ዝናቡን የጠጣው ጋቢ ብረቱን በነካበት ቦታ ሁሉ በረዶ ሠርቶ ደርቋል። ከሆስፒታሉ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በአሸንዳው ተንደርድሮ፣ ከእሷ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ በከንቱ ይፈሳል።

"ሰውዬው ነው" አለ ጀላል። ከመጠለያው ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆሟል። "የሽሮ ሜዳው። በርዷት ኦክስጅኑ ሊያልቅ ነው ብሎ ለመነኝ። የባለቤቱ ነው ጋቢው፤ ስትወጣ ልትለብሰው የሸመነላት። ደግ ነገር መስሎኝ ከፈትኩለት። ክፉ ነው እንዴ?"

ሮሐ ወደ ክንፋሟ ሮጠች። ቋጠሮውን ልትፈታው ብትሞክር እንደ ድንጋይ ሆኗል። ጫፉን ይዛ ጎተተችው፤ እንደ ቆርቆሮ ተንቋቋ እንጂ አልመጣም። ጣቶቿ ከጨርቁ ጋር ተጣበቁ፤ ስታላቅቃቸው ቆዳዋ ቀረ። የዎርዱ መስኮት ተከፍቶ ነርሷ ሳምሪ ብቅ አለች።

"ሮሐ፣ ግፊቱ ወርዷል! ሲሊንደር እየገጠምን ነው፣ ለሁሉም አይበቃንም!"

"ሙቅ ውሃ!" አለች ሮሐ። ጀላል የእሷን ድምፅ እንዲያ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። "ከወጥ ቤት! ሩጥ!"

ጀላል ሁለት ባልዲ ይዞ መጣ። አፈሰሱበት። ጋቢው በአንድ ወገን ለቀቀ፤ ሁለቱም ጎትተው ጣሉት። ከዚያ ባልዲውን የአሸንዳው ውሃ ሥር እየደቀኑ፣ እየተቀባበሉ በክንፎቿ ላይ ደፉ። በረዶው በቁራጭ በቁራጭ ይወድቅ ጀመር። ብረቱ ተጋለጠ። ቆይቶ፣ እጅግ የዘገየ በመሰላት ጊዜ፣ በግድግዳው ቱቦ ውስጥ ያለው ሹሹታ ተመለሰ።

እማማ ውባለም ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አረፉ።

ሐኪሙ ለሮሐ ነገሩን አቅልሎ ነበር የነገራት። ሳንባቸው አልቆ ነበር፤ ከዚህ ሳምንት አያልፉም ነበር፤ የተባለው ይህ ነው። ሳምሪ ግን ጓደኛዋ ስለሆነች ያየችውን አልደበቀችም። ሲሊንደር መግጠም የጀመረችው ለበሩ ቅርብ ከሆኑት አልጋዎች ነበር፤ እማማ ውባለም ጥግ ላይ ነበሩ።

"እኔንጃ ሮሐ" አለች። "የኔም እጅ አለበት እንዳልል ፈራሁ፣ የለበትም እንዳልልም ፈራሁ።"

ሁለተኛዋ ክንፋም በማግስቱ ቫልቭ ተገጠመላት። ኤርሚያስ ግቢው በር ላይ "ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። ሮሐ ጋቢውን ከሰውም ከእሳትም ራቅ አድርጋ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ኦክስጅን የገባበት ጥጥ ክብሪት ካየ አይመለስም። ሲደርቅ አጥፋ ከመሣሪያው ቁም ሣጥን አስቀመጠችው። መሃሉ ላይ በክንፎቹ ልክ ቀጫጭን መስመሮች ተሠርተውበት ነበር፤ ሲታጠፍም አልጠፉም።

በሠልስቱ ከሳምሪና ከጀላል ጋር ሽሮ ሜዳ ሄደች። ድንኳኑ በጠባቡ መንገድ ላይ ተጥሏል። ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን አቁመው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ መዝገቡ እንደ ሐዘንተኛ ወግ የጋቢያቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው ለብሰው፣ ሦስቱን ሲያዩ ተነሡ። ከለቀስተኛው ፊት የሮሐን የታሸገ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልጄ፣ ያ ጋቢ ጠቅሟት ነበር?"

ለቀስተኛው ወደ እሷ ዞረ። ሮሐ ዓይናቸውን አየች፤ ውስጣቸው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ እሱን ይዘው የቆሙ መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፊት ያላገኘችው ፈጣን መልስ ያኔ መጣላት።

"ጠቅሟታል" አለች።

"ሰማችሁ?" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "ለሷ የሸመንኩት ነው። ለብሳው አልሄደችም፤ ግን ትንፋሿን አሙቆላታል።" ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው፣ "እግዚአብሔር ያውቃል፣ የአቅምዎን አድርገዋል" እያሉ አስቀመጧቸው።

ሲመለሱ ሳምሪ፣ "ደግ አደረግሽ፣ ሌላ ምን ትያቸው ነበር" አለቻት። ጀላል ከኋላ ከኋላ ይሄድ ነበር። ቀጨኔ መታጠፊያው ላይ ደርሰው ሊለያዩ ሲሉ ብቻ፣ "በሩን ማን ከፈተ ብሎ ማንም አልጠየቀም" አለ።

ፍልሰታ ገብታ ወጣች። ዝናቡ አላባራም። ሮሐ አሁን ሁለቱን ክንፋሞች ታፈራርቃቸዋለች፤ አንዷ ትሠራለች፣ ሌላዋን ታጥባለች። አንዳንዴ ድንጋይዋን ታያለች፤ ባዶ ነች። ቀስ በቀስ ነገሩ ያለፈ መሰላት።

የእማማ ውባለም አርባ በወጣ ማግስት፣ ጋሽ መዝገቡ በጀርባቸው ትልቅ ጥቅል አዝለው ከአጥሩ ውጪ ቆሙ። ጀላል ማስታወቂያውን አሳያቸው፤ ሮሐን ጥሩልኝ አሉ። ወጥታ አጠገባቸው ቆመች።

"ያኛው ልኳ አልነበረም" አሉ ጥቅሉን ድንጋይዋ ላይ እየፈቱ። "በችኮላ ያለበስኳት ነው፤ አንገቷ ላይ አጥሯት ነበር። ይሄን በዓይኔ ለክቼ ነው የሸመንኩት።"

ዘረጉት። ከተለመደው ጋቢ ይሰፋል፤ ወፍራም ነው፤ ከጎኑ ማሰሪያ ተሰፍቶለታል፤ ቱቦዋ በምትገባበት በኩል ቀዳዳ ተትቶ ዙሪያው ተዘምዝሟል። ጫፉ ላይ ጥቁር ጥለት ነበረው።

"ጥጡን የፈተለችው ውባለም ናት። የቀረው የክር ድውር ይሄው ነበር፣ ለሌላ ነገር ልሸምነው አልሆነልኝም። ያነሰውን የሠፈሩ ሰው ሞላልኝ።" ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ለሷ ያልደረሰ ለሌላው ይድረስ ብዬ ነው። አንዲት እናት ደግሞ አለች፣ ልጇ እዚህ የተኛባት፤ ለቅሶው ላይ ሰምታ ለሁለተኛዋም ይሥሩላት አለችኝ። ድሩን ጀምሬዋለሁ።"

ሮሐ ጋቢውን ተቀብላ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ከመጀመሪያው አጠገብ ልታስቀምጠው እንደምትችል አሰበች። አመስግናቸው፣ አጥፋው፣ ዝም ብላ። ዝምታ ለእሷ ቀላል ነው። ግን እሳቸው በየጊዜው ሊያዩት ይመጣሉ። እሷ የማትኖርበት ቀንም ይመጣል። በሩን የሚከፍት ደግ ሰው አይጠፋም።

"ላልብሳት?" አሉ ጋሽ መዝገቡ።

"አይሆንም።"

ቀና ብለው አዩዋት። ጀላል ከመጠለያው ሥር ተነሥቶ ቆመ።

"ጋሽ መዝገቡ፣ ጋቢ አያሞቅም።" ወደ ክንፋሟ አመለከተች። "እርስዎ ያውቁታል። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የለበሰውን ሰው ሙቀት ነው የሚይዝለት። የሷ ውስጥ ደግሞ ብርድ ብቻ ነው። ሙቀት የምታገኘው ከውጪ ነው፤ ከአየሩ፣ ከንፋሱ። ስትሸፈን አየሩ አይደርሳትም። ውስጧ ያለው መፍላቱን ይተዋል፤ ወደ ሕሙማኑ የሚሄደው ይቀንሳል።"

ጋሽ መዝገቡ ጋቢውን እንደያዙ ቀሩ። ክንፋሟን አዩዋት፤ ከዚያ እጃቸውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው በአጥሩ አጠገብ የሚያልፈውን በረዶ የያዘ ቱቦ ነኩት። እጃቸውን አልመለሱም።

"ያን ቀንም" አሉ።

"ያን ቀንም።"

"ውሃውስ? ያ ስታፈሽባት የነበረው?"

"ውሃው ለሷ ሙቅ ነው። በረዶውን የሚያቀልጥላት እሱ ነው።"

"ዝናቡስ?"

ሮሐ እዚህ ላይ ዝም ልትል ትችል ነበር። "ዝናቡም ያቀልጥላት ነበር" አለች።

እጃቸውን ከቱቦው አነሡ። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነዋል፤ አላሹዋቸውም። አሸንዳውን አዩት፤ የማለዳው ዝናብ ርዝራዥ እየተንጠባጠበ ነበር።

"ከዝናብ ከለከልኳት" አሉ በቀስታ። "ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ፣ እዚህ ቆሜ እንዳይነካት ስከልላት ነበር።" ወደ ሮሐ ዞረው፣ "ያን ጠዋት ጠይቄሽ ነበር፤ ውሃ ነው የሚያሞቃት ብትዪኝ፣ ከወንዝም ቢሆን ተሸክሜ እመጣ ነበር" አሉ።

ሮሐ ሐኪሙ ያላትን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ለራሷም እንዳልበቃት አስታውሳ ተወችው።

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ ጀላል ከኋላ። የሰማው ያለ አይመስልም።

ጋሽ መዝገቡ ጋቢውን ማጠፍ ጀመሩ። ጫፍ ከጫፍ አጋጥመው፣ ሽብሻቡን በክርናቸው እየዳመጡ፣ ለገበያ እንደሚያጥፉት አድርገው አጠፉት። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"ለቅሶ ቤት ለምን እንዲያ አልሽኝ?"

"ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።"

"ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ።

ጥቅሉን አዘሉት። ሮሐ ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ገመዱን ራሳቸው አጥብቀው ቋጠሩት። በልብስ ማጠቢያው በኩል ዞረው ወደ ሽሮ ሜዳ መንገድ ወጡ። የጀመሩትን ድር አሰበችው፤ ዛሬ ከሸማኔው ጉድጓድ ገብተው እንዴት እንደሚፈቱት።

የመጀመሪያው ጋቢ በቁም ሣጥኑ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያላት ከሄዱ በኋላ ነው። ሮጣ ልትደርስባቸው ትችል ነበር። ይልቅ ወደ ግቢው ገብታ ጎማውን አነሣችና በምታርፈዋ ክንፋም ላይ ከፈተችው። በረዶው እየተሰነጠቀ ጫማዋ ላይ ይወድቅ ጀመር፤ ውሃው ሞልቶ ወደ በሩ ሲፈስ ጀላል አልቀለደባትም።